ሁለት «ፎቶ0»፦ የአንድ ፎቶ ቤት ማህደር ሲዛወር የተያዘ ማስታወሻ

ሥራው ይህ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለ አንድ ፎቶ ቤት የዓመታት ፎቶውን ከአሮጌ ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተር አውጥቶ፣ በዓመትና በከተማ ለይቶ በአዲስ ሃርድ ዲስክ ማስቀመጥ ይፈልጋል። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ ጥምቀት፣ ጉርድ ፎቶ ሳይቀር። ከኔ በፊት አንድ ልጅ በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) ጀምሮት ስክሪፕቱን፣ ማለትም ፎቶዎቹን የሚገለብጠውን አጭር ፕሮግራም፣ ትቶ ሄዷል። እኔ የምሠራው በኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ነው) ላፕቶፕ ነው። ማስታወሻውን የምጽፈው እየሠራሁ ስለሆነ አንዱ ነገር ረዝሞ ሌላው አጥሮ ቢታይ አይግረማችሁ።

ሰኞ

ከስክሪፕቱ በፊት ልጁ ፎቶዎቹን የገለበጠበትን ኤክስተርናል ዲስክ ከፈትኩት። «ፎቶ» የሚባል አንድ ፎልደር፣ በውስጡም ከ1995 እስከ 2016 በየዓመቱ የተደረደረ ነገር ነበር የጠበቅኩት። የለም። በምትኩ ከላይ ከዲስኩ ደጃፍ ላይ «ፎቶ0»፣ «ፎቶ1»፣ «ፎቶ2» እያለ እስከ «ፎቶ9» ይሄዳል። የሚገርመው ከ0 እስከ 6 ያሉት ሁለት ሁለት ናቸው። ሁለት «ፎቶ0» አንድ ቦታ ላይ፣ ያውም ጎን ለጎን! ዊንዶውስ ይህን አይፈቅድም፤ ሊኑክስም አይፈቅድም። ስለዚህ ስሞቹ አንድ አይደሉም ማለት ነው፣ ለዓይን ነው አንድ የመሰሉት። ከ1990ዎቹ ደግሞ አንድም ፎቶ የለም።

ጋሼ (የፎቶ ቤቱ ባለቤት) ቫይረስ ነው ብለው ደምድመዋል። «ይሄን ዲስክ ፎርማት አድርገውና ከዜሮ ጀምር» አሉኝ። ቆይ ጋሼ አልኳቸው። ሁለቱን ስሞች በፓይተን ወደ ቁጥር ቀየርኳቸው። አንደኛው «ፎቶ»፣ ቀጥሎ የማይታይ ፊደል ዩኒኮድ 0080 (ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠ ቁጥር ነው)፣ ቀጥሎ «0» ነው። ሁለተኛው «ፎቶ»፣ ቀጥሎ ዩኒኮድ 0081፣ ቀጥሎ «0»። ቫይረስ እንዲህ በሥርዓት አይሠራም። ስክሪፕቱን ከፈትኩ።

ማክሰኞ

መነሻውን ተጠቃሚው በመስኮት እንዲመርጥ አድርጎታል። መድረሻውን ግን ለየዓመቱ በእጁ ጽፎታል፣ እንዲህ እያለ፦

"ኢ:\ፎቶ\2008"

ለዓይን ምንም አይልም። ፓይተን ግን ተራ ስትሪንግ (በጥቅስ ምልክት መሃል የሚጻፍ ጽሑፍ) ውስጥ ባክስላሽ (\) ባየ ቁጥር «የሚቀጥለው ፊደል ልዩ ትርጉም አለው» ብሎ ነው የሚያነበው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ኤን ሲከተል አዲስ መስመር፣ ቲ ሲከተል ታብ እንደሚሆን ነው። ቁጥር ሲከተልስ? ከ0 እስከ 7 ያሉ አኃዞች ከሆኑ እስከ ሦስት ድረስ ወስዶ በስምንት ቤት ቁጥር (ከ0 እስከ 7 ብቻ ባለው አቆጣጠር) ያሰላቸዋል። "\2008" ውስጥ \200 ይወሰዳል፣ ይህም በአስር ቤት 128፣ በዩኒኮድ አጻጻፍ (በአሥራ ስድስት ቤት) 0080 ነው። የተረፈው «8» ብቻውን ይቀራል። ባክስላሹም አብሮ ተበልቷል፣ ስለዚህ «ፎቶ» እና «8» መሃል መለያያ የለም። አንድ ስም ሆኑ። «ፎቶ8» ተወለደ።

2010 ደግሞ \201 ተወስዶ «0» ይቀራል። 2000 ላይ \200 ተወስዶ «0» ይቀራል። ሁለቱ «ፎቶ0» ከዚህ መጡ። ጥሩው ነገር፣ የማይታየው ፊደል አሥርቱን በታማኝነት ይናገራል፦ 0080 ያለበት የ2000ዎቹ ነው፣ 0081 ያለበት ከ2010 ወዲህ ያለው። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ይህ ሁሉ መረጃ ይጠፋ ነበር። በጥቂት መስመር ኮድ ሁሉም ወደ ትክክለኛ ዓመቱ ተመለሰ።

1990ዎቹ? "\1998" ላይ 1 ይወሰዳል፣ 9 የስምንት ቤት አኃዝ ስላልሆነ እዚያው ይቆማል። ውጤቱ ዩኒኮድ 0001 ነው። ዊንዶውስ ከ32 በታች ያሉ መቆጣጠሪያ ፊደላትን በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም፤ ስህተት ይመልሳል። ስክሪፕቱ ደግሞ ስህተት ሲመጣ ዝም ብሎ ወደ ቀጣዩ እንዲያልፍ ተደርጓል። ስለ ባክስላሹ ልጁን አልወቅሰውም፤ ስህተትን ዋጥ አድርጎ ማለፍ ግን ያናድደኛል። አንድ ቀይ መስመር ቢወጣ ኖሮ ያኔውኑ ይገኝ ነበር።

አሁን ወደሚያስቀው እንምጣ። ያንኑ መስመር በአዲሱ ፓይተን ሳስኬደው ማስጠንቀቂያ አወጣ። ስለ 2008 መሰላችሁ? አይደለም። ስለ "\ፎ" ነው! ባክስላሽና «ፎ» ተደምረው የሚታወቅ ትርጉም የላቸውም፣ ስለዚህ ፓይተን ባክስላሹን እንዳለ ያስቀምጠዋል፣ ከ3.12 ጀምሮ ግን በግልጽ ይጮኻል። "\200" ግን ሕጋዊ ኤስኬፕ (በባክስላሽ የሚጀምር የታወቀ ምልክት) ስለሆነ ጸጥ ይላል። ማለትም ጉዳት የሌለበት ላይ ይጮኻል፣ ጉዳቱ ያለበትን ያሳልፋል። ከዚህ የሚወሰደው፣ ማስጠንቀቂያው የጠቆመውን ቦታ ብቻ ጠግኖ መሄድ አይበቃም። ስትሪንጉን ሙሉውን ነው ማየት።

ደግሞ ፎልደሮቻችን በአማርኛ መሆናቸው ችግሩን ይደብቀዋል። እንግሊዝኛ የሚጠቀም ሰው ሲ ድራይቭ ላይ «ዩዘርስ» ብሎ ሲጽፍ ከባክስላሹ ቀጥሎ ያለው ካፒታል ዩ ስምንት የሄክስ (የአሥራ ስድስት ቤት) አኃዝ ስለሚጠብቅ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ ይወድቃል፤ ሰውየውም ገና በመጀመሪያው ቀን ይማራል። እኛ «ሰርግ»፣ «ጥምቀት»፣ «ምርቃት» እያልን ስንጽፍ ምንም አይደርስብንም፣ ተመችቶን እንቀጥላለን፣ ከዚያ ዓመተ ምሕረት ላይ ስንደርስ ነው ጉዱ።

ረቡዕ

መብራት እስከ ቀትር አልነበረም። ባትሪው እስኪያልቅ የፎቶ ቤቱን ዝርዝር አየሁ። ጋሼ በመዝገብ የያዙትን ልጃቸው ኤክሴል ላይ አስገብታዋለች፣ እኔ ወደ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ቀየርኩት። ዓምዶቹ የፋይሉ አድራሻ፣ የደንበኛ ስም፣ ከተማ፣ ዓመት፣ ዝግጅት ናቸው። አድራሻው በዊንዶውስ አጻጻፍ፣ በባክስላሽ ነው።

ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዬ በቴሌግራም «መጀመሪያ ሲኤስቪው ውስጥ ያለውን ባክስላሽ ሁሉ እጥፍ አድርገው፣ አለበለዚያ እንደ 2008 ይበላብሃል» አለኝ። አይ። ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ኤስኬፕ የስትሪንጉ ጠባይ አይደለም፣ የኮድ አጻጻፍ ሕግ ነው። ፓይተን ባክስላሽን የሚተረጉመው የኮዱን ፋይል ሲያነብ፣ በጥቅስ ምልክት መሃል የተጻፈውን ብቻ ነው። ከሲኤስቪ የተነበበ፣ ተጠቃሚ በመስኮት የመረጠው፣ ከኪቦርድ የገባ ስትሪንግ ውስጥ ባክስላሽ ባክስላሽ ነው፤ ማንም አይነካውም። የልጁ ስክሪፕት መነሻ ያልተበላሸው ለዚህ ነው። ሲኤስቪውን እጥፍ ብናደርገው እውነተኛ ሁለት ባክስላሽ ያለበት አድራሻ ይዘን እንቀራለን።

ጓደኛዬ ስክሪን ሾት ላከልኝ። «ይኸው ሁለት ሁለት ሆኖ እየታየ!» አዎ፣ ሊስት ፕሪንት ሲያደርግ ፓይተን ስትሪንጎቹን የሚያሳየው ኮድ ላይ እንደሚጻፉ አድርጎ ነው፤ አንዱን ባክስላሽ በሁለት ይጽፈዋል። ስትሪንጉን ብቻውን ፕሪንት ሲያደርገው አንድ ነው። ከተጠራጠራችሁ ርዝመቱን ቁጠሩ፣ ርዝመት አይዋሽም። ይህን ሳያዩ «ሁለቱን ወደ አንድ ቀይር» የሚል መስመር የሚጽፉ አሉ፣ መስመሩ ምንም አያደርግም፣ ምክንያቱም የሚቀየር ሁለት ነገር መጀመሪያውኑ የለም።

ጄሰን (መረጃ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ሌላ የፋይል ዓይነት) ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ጄሰን የራሱ የኤስኬፕ ሕግ አለው፣ ፋይሉ ውስጥ ራሱ እጥፍ ተደርጎ መጻፍ አለበት። ደግነቱ ቁጡ ነው፤ "\ፎ" ቢሉት "\2" ቢሉት ሁለቱንም ስህተት ብሎ ይመልሳል። በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (ጽሑፍ ውስጥ የፊደል ቅንብር መፈለጊያ) አንድ ባክስላሽ መፈለግ በተራ ስትሪንግ አራት ይጠይቃል፦ ሁለቱ ለፓይተን፣ ሁለቱ ለኤክስፕሬሽኑ። ተርሚናሉም አለ፤ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ሲኖር ጥምቀት\ 2009 ብሎ ይሞላላችኋል። ያን ባክስላሽ የጨመረው ሼሉ (ተርሚናሉ ላይ ትዕዛዝ የሚያነበው) ነው፣ ፋይሉ ስም ውስጥ የለም። ስለዚህ ባክስላሽ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህን ማን ነው የሚያነበው?» ነው። ስንት አንባቢ እንዳለው ካወቅኩ ስንት እንደሚጻፍ አያከራክርም።

ከኮዱ ውስጥ በእጅ የተጻፉትን አድራሻዎች ሁሉ አወጣኋቸው። ከጥቅሱ በፊት አር ጨምሮ ጥሬ ስትሪንግ (ባክስላሹ እንዳለ የሚነበብበት) ማድረግ ይቻላል፣ ግን እሱም ጣጣ አለው፤ ጥሬም ቢሆን በአንድ ባክስላሽ ማለቅ አይችልም። "ኢ:\ፎቶ\" ብላችሁ አር ብትጨምሩበት የመጨረሻው ባክስላሽ የመዝጊያውን ጥቅስ ይዞት ይሄዳል። ዋናውን ፎልደር ሴቲንግ ፋይል ላይ አንድ ጊዜ ጻፍኩ፤ ዓመቱ ከዝርዝሩ ይመጣል።

ሐሙስ

ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ አድራሻ ማንበብ። ለሊኑክስ ባክስላሽ እንደማንኛውም ፊደል ነው፣ በፋይል ስም ውስጥ ይፈቀዳል። ስለዚህ ለተራው የፓዝሊብ (የፓይተን የፋይል አድራሻ መሣሪያ) ዕቃ ብሰጠው "ሲ:\ስቱዲዮ\ሰርግ\12" የሚለውን ሙሉውን እንደ አንድ ስም ይወስደዋል፣ ወላጅ ፎልደሩን ስጠይቀው ነጥብ ብቻ ይመልሳል። ባክስላሹን በተራ ስላሽ (/) መቀየር ያው ይሠራል ትላላችሁ። ይሠራል። ግን ፓዝሊብ ውስጥ የዊንዶውስ አድራሻን የትም ሆኖ የሚያነብ፣ ዲስኩን የማይነካ ዓይነት አለ፤ ድራይቩን፣ ፎልደሮቹን፣ ስሙን ለያይቶ ይሰጣል። ፓዝሊብ ከፓይተን 3.4 ጀምሮ አብሮ ነው የሚመጣው፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማለት ነው። አሁንም ስትሪንግ በመደመር አድራሻ የሚሠራ ኮድ ሳይ ይገርመኛል።

ጋሼ ከኋላዬ ቆመው «ለምንድን ነው አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ የሚያጋድለው?» አሉ። ዩኒክስ (የሊኑክስ ቀዳሚ) ፎልደርን በስላሽ መለየት የጀመረው ቀድሞ ነው። ማይክሮሶፍት ፎልደር ያስገባው በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው ዶስ 2.0 (የዊንዶውስ ቀዳሚ) ነው፤ ያኔ ስላሹ ዶስ ላይ ለትዕዛዝ አማራጮች ተይዞ ስለነበር ባክስላሹን ወሰዱ። ሲ ቋንቋ ደግሞ ቀድሞ ባክስላሹን ለኤስኬፕ ይዞት ነበር፣ ፓይተንም ከዚያ ነው የወረሰው። ጋሼ አዳምጠው ሲጨርሱ «እንግዲያ ቦታ ተሻምተው ነዋ» አሉ። በትክክል። ዛሬ ዊንዶውስ ራሱ በአብዛኛው ቦታ ተራውን ስላሽ ይቀበላል፣ ስለዚህ ኮድ ላይ በእጃችሁ መጻፍ ግድ ከሆነባችሁ እሱን ጻፉ።

ቅዳሜ

ፎቶ ሳይነካ ሊገለብጥ ያሰበውን ብቻ የሚያትም ሙከራ አስኬድኩ። ባክስላሹን ጨርሼ ደስ ብሎኝ ሳለ የተራ ስላሹ ተራ ደረሰ። መስመሩ ይህ ነበር፦

መድረሻ = ሥር / ዓመት / ከተማ / ስም

(«ሥር» ዋናው ፎልደር ነው፤ ፓዝሊብ ውስጥ ስላሹ ቁራጮቹን አያይዞ አድራሻ ያደርጋቸዋል። ፓይተን 3 የተለዋዋጭ ስም በፊደላችን ይቀበላል፤ ለሥራ ባልመክረውም እዚህ ለማሳየት ይመቻል።)

የወጣው ዝርዝር ውስጥ «ፍ» የሚባል ፎልደር አለ። በውስጡ «ሰላም» እና «ቤት» የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች። «ደ» የሚባል አለ፣ በውስጡ «ማርቆስ» እና «ኤልያስ»። «ወ» ውስጥ በ«ሮ» የሚጀምሩ ሴቶች ተሰልፈዋል። «ዶ» ውስጥ በ«ር» የሚጀምሩ ምሁራን። ገባችሁ አይደል? ፍ/ሰላም፣ ፍ/ቤት፣ ደ/ማርቆስ፣ ደ/ኤልያስ፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር። ጎጃም ውስጥ ያለ ከተማ ግማሹ በስላሽ ነው የሚያጥረው፣ የክርስትና ስም ሲጨመር ደግሞ ገ/፣ ኃ/፣ ተ/፣ ኪ/ እያለ ይቀጥላል። ለእኛ ማሳጠሪያ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን የፎልደር በር።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ጋሼ መዝገብ ላይ ከላይኛው ጋር አንድ ሲሆን «//» ብለው ነው የሚያልፉት፣ ልጃቸውም እንዳለ አስገብታዋለች። ፓዝሊብ በስላሽ የሚጀምር ነገር ሲጨመርለት የቀደመውን ሁሉ ጥሎ ከአዲሱ ይጀምራል። ሥር ሲደመር ዓመት ሲደመር «//» ማለት የላፕቶፔ ሥረ ፎልደር ማለት ሆነ። ሙከራ ባይሆን ኖሮ የሙሽሮችን ፎቶ ኡቡንቱ እምብርት ላይ ሊያራግፍ ይሞክር ነበር፤ ፈቃድ ስለሌለው ይመለሳል፣ ግን በአድሚን የሚያስኬድም ሰው አይጠፋም።

«//»ን ከላይኛው መስመር ወስጄ ሞላሁ። ማሳጠሪያዎቹ ግን አከራከሩን። ሁሉንም ዘርዝሮ መጻፍ ይቻላል? ወ/ሮ ወይዘሮ ነው፣ ወ/ማርያም ግን ወልደ ነው። ፍ/ሰላም ፍኖተ፣ ፍ/ቤት ፍርድ። ም/ ምክትል ይሁን ምዕራብ ከአጠገቡ ካላዩ አይታወቅም። ኮዱ እንዲገምት አልፈልግም፣ በተለይ የሰው ስም ላይ። ስላሽ የሚመስል ሌላ የዩኒኮድ ምልክት የሚተኩ አሉ፤ እሱማ ሌላ «ፎቶ0» መፍጠር ነው፣ በዓይን አንድ፣ ሲፈለግ የማይገኝ። ለፋይሉ ቁጥር ብቻ እንስጠውና ስሙ ዝርዝሩ ላይ ይቅር ብዬ ነበር፣ ጋሼ ቱግ አሉ። «እንዲህማ አይዶለም! ሰው ፎቶውን ሊወስድ ሲመጣ ቁጥርህ ስንት ነው ልለው ነው?» ልክ ናቸው።

በነጥብ ተስማማን። ወ.ሮ፣ ፍ.ሰላም፣ ገ.ማርያም። ዝርዝሩ ላይ ግን ስሙ እንደተጻፈው ከነስላሹ ይቀመጣል፣ ነጥቡ ለፋይል ስም ብቻ ነው። መስመሩም እንዲህ ሆነ፦

መድረሻ = ሥር / አጽዳ(ዓመት) / አጽዳ(ከተማ) / አጽዳ(ስም)

«አጽዳ» ስላሹን በነጥብ የሚተካው ኮድ ነው። የማጽዳቱ ቦታ ላይ እልኸኛ ነኝ። እያንዳንዱ ቁራጭ ከመጣመሩ በፊት ነው የሚጸዳው። አንዴ ከተጣመረ በኋላ የትኛው ስላሽ የፎልደር፣ የትኛው የወይዘሮዋ እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ መረጃው ጠፍቷል።

ሰኞ

ነጥብም የራሱ ጠባይ አለው። «2009 ዓ.ም.» የሚል ፎልደር ሊኑክስ እንዳለ ይፈጥረዋል። ዊንዶውስ ግን በስም መጨረሻ ያለ ነጥብና ክፍት ቦታ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ያንን ፎልደር ጋሼ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ጣጣ ይሆናል። «አጽዳ» መጨረሻ ላይ ያሉትን እንዲነቅል አደረግኩ። ዊንዶውስ የሚከለክላቸው ሌሎችም አሉ፦ ሁለት ነጥብ፣ ኮከብ፣ የጥያቄ ምልክት፣ የጥቅስ ምልክት፣ ቀጥ ያለው መስመር፣ ሁለቱ ቀስቶች። እነሱም ወደ ሰረዝ። ጋሼ ሰዓት ሲጽፉ 8፡30 ብለው በእኛው ሁለት ነጥብ ነው፣ እሱ ሌላ ፊደል ስለሆነ ምንም አይልም፤ አልነካሁትም።

ሌላው የርዝመት ነገር ነው። አንዱ ፋይል «ስሙ በጣም ረጅም ነው» ተብሎ ወደቀ። ዊንዶውስ ላይ ግን ለዓመታት ተቀምጦ ነበር። ልዩነቱ አቆጣጠሩ ላይ ነው። የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ለአንድ ስም 255 ይፈቅዳል፣ የሚቆጥረው በዩቲኤፍ-16 (ፊደልን በባይት መጻፊያ ዘዴ) ስለሆነ አንድ የግዕዝ ፊደል አንድ ነው። የኡቡንቱዬ ኤክስት4ም 255 ይላል፣ ግን በባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። ጋሼ ደግሞ የሙሽራውን ከነአያቱ፣ የሙሽሪትን ከነአያቷ፣ የሚዜውን ጨምረው ነው ስም የሚሰጡት። በባይት እየለካሁ፣ ግን በፊደል እየቀነስኩ አሳጠርኩት፤ ባይት ላይ ዝም ብሎ መቁረጥ ፊደሉን ከመሃል ይሰብረዋል። ሙሉው ስም ዝርዝሩ ላይ አለ።

ዊንዶውስ በነባሪው ለሙሉ አድራሻ የሚሰጠው 260 ፊደል ነው። «አዲስ ፎልደር» ውስጥ «አዲስ ፎልደር» እየተባለ ወደ ታች የወረደ አንድ ባክአፕ ብቻ እዚያ ደርሶ ነበር፣ ቀና አድርጌ ተውኩት።

ረቡዕ

የሙከራው ዝርዝር ንጹሕ ሲሆን መገልበጡን ጀመርኩ። ከየፋይሉ ኋላ መነሻና መድረሻው በሻ-256 (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አሻራ) ይመሳከራል፣ ካልገጠመ ይቆማል፣ ዝም ብሎ አያልፍም። የ1990ዎቹ ስካን የተደረጉ ፊልሞች አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ስለነበሩ ከዚያው መጡ። ማንም አልጠፋም።

አዲሱ ዝርዝር ውስጥ አድራሻው ከዋናው ፎልደር ወዲህ ያለው ብቻ ነው የተጻፈው፣ በተራ ስላሽ፣ ያለ ድራይቭ ፊደል። ነገ ዲስኩ ኢ ይሁን ኤፍ ይሁን፣ ዊንዶውስ ይሁን ሊኑክስ ይሠራል።

የቀረው ስሙ በተለያየ ዓይነት የተጻፈ ደንበኛ ነው፤ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሃይ። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ናቸው፣ ለጋሼ ግን አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት። የተጠረጠሩትን አትሜ ሰጥቻቸዋለሁ፣ በእስክሪብቶ ምልክት እያደረጉበት ነው። እስኪጨርሱ ድረስ የድሮውም ኤክስተርናል እንዳለ ይቀመጣል፣ ፎርማት የለም።